መብራት ሲሄድ ሴቲንግ የማይጠፋበት ፈርምዌር፦ የፓራሜትር ማስቀመጫ ኮድን ደረጃ በደረጃ ማደስ

እንቁላሉ 12ኛ ቀኑ ላይ ነው። መብራት ይሄዳል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ይመጣል። መፈልፈያው ሲነሳ ስክሪኑ «ቀን 0» ይላል። የሙቀት ልኩ ደግሞ 37.5 መሆኑ ቀርቶ 6553.5 ሆኗል። ባሕር ዳር፣ ዳንግላ፣ ቡሬ ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ የጫጩት መፈልፈያ ወይም የመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ የሚሠራ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ቦርድ ይቀየራል፣ ቺፕ ይቀየራል፣ ችግሩ ግን እዚያው ነው። ብልሽቱ ያለው ቺፑ ላይ በሚጫነው ኮድ (ፈርምዌር) ውስጥ ስለሆነ ነው።

ይህ መመሪያ ሲ ቋንቋ ለሚሞካክር ሰው የተጻፈ ነው። ምሳሌው የጫጩት መፈልፈያ ይሁን እንጂ ለፓምፕም ለሌላም ይሠራል። ከታች ያለው ሁሉ በአንድ ሕግ ላይ ይቆማል፦ አዲሱ ኮፒ ጤነኛ መሆኑ ሳይረጋገጥ አሮጌው ጤነኛ ኮፒ አይነካም።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ደንበኛው ዘንድ ካለው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የሙከራ ቦርድ። እንቁላል ተሸክሞ በሚሠራ ቦርድ ላይ ምንም አትሞክሩ።
- ፕሮግራመር (ኮዱን ቺፑ ላይ የሚጭነው መሣሪያ) እና የሲሪያል ገመድ።
- መብራት የሚቆርጥ ሪሌይና እሱን የሚያዝ ሌላ ቦርድ። ደረጃ 9 ላይ ታገኙታላችሁ።
- የቺፑ ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ)። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ኢንተርኔትም ስለሚቆራረጥ አስቀድማችሁ አውርዱት።

ቀጥሎ አሁን ያለውን ኮድ ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም) ላይ አስገቡና ስም ስጡት። ከዚያ የቦርዱን ሜሞሪ ሙሉ በሙሉ አንብባችሁ ፋይል ላይ አስቀምጡ። ብዙ ሰው ይህችን «ብትቀርም ምንም አይደል» ብሎ ያልፋታል። በኋላ «አሮጌው ሴቲንግ ምን ነበር?» ሲባል መልሱ ያለው እዚያ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አቲሜጋ328ፒን በፕሮግራመር ስትጭኑ ቺፑ መጀመሪያ ይጠረጋል። ኢኢሴቭ የሚባለው ፊውዝ (የቺፑ ቋሚ ማስተካከያ ቢት) ካልበራ ኢኢፕሮሙም (መብራት ሲሄድ የማይጠፋው ሜሞሪ) አብሮ ይጠረጋል። በአርዱይኖ ቡትሎደር ስትጭኑ ግን ኢኢፕሮሙ አይነካም። ቤታችሁ በዩኤስቢ ሲሠራ የነበረ ነገር መስክ ላይ በፕሮግራመር ሲጫን ሴቲንግ የሚያጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ፊውዙን አስቀድማችሁ አብሩ።

ደረጃ 1፦ ፓራሜትሮቹን ዘርዝሩና በሦስት ክፈሉ

ኮድ ሳትነኩ ወረቀት ላይ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ፓራሜትር ስም፣ መለኪያ፣ ትንሹ፣ ትልቁ፣ መነሻ ዋጋው፣ ማን እንደሚቀይረውና በምን ያህል ጊዜ እንደሚቀየር። ለምሳሌ፦ የሙቀት ልክ፣ በአሥረኛ ዲግሪ፣ ከ350 እስከ 390፣ መነሻ 375፣ ተጠቃሚው፣ አልፎ አልፎ።

37.5ን 375 ብላችሁ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ። በነጥብ ቁጥር አታስቀምጡ። ሙሉ ቁጥር ለማወዳደር፣ ለመመርመርና ወደ ሌላ ቺፕ ለማዛወር ይቀላል።

ከዚያ ዝርዝሩን ለሦስት ክፈሉት፦

1. የቦርዱ የራሱ፦ የሴንሰር ማስተካከያና መለያ ቁጥር። አንዴ ይጻፋል፣ ከዚያ አይነካም።
2. የተጠቃሚው፦ የሙቀት ልክ፣ እርጥበት፣ የማዞሪያ ሰዓት።
3. ሥራው የሚቀይረው፦ የቀን ቆጠራ፣ የሥራ ሰዓት ድምር።

ሦስቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ ትልቁ ስህተት ነው። ተጠቃሚው «ሴቲንግ መልስ» የሚለውን ሲጫን የሴንሰር ማስተካከያው አብሮ ይጠፋል። መፈልፈያው ከዚያ በኋላ 37.5 እያለ 36.8 ላይ ይሠራል። ማንም አያውቅም፤ የሚታወቀው እንቁላሉ ሳይፈለፈል ሲቀር ነው።

ማስተካከያውን ካነሳን አይቀር፦ ሴንሰሩን በፈላ ውኃ አትመዝኑ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ 94 አካባቢ። «መቶ ነው» ብላችሁ ልዩነቱን ካስቀመጣችሁ ጤነኛውን ሴንሰር ታበላሹታላችሁ። የሰው ትኩሳት መለኪያ ከሴንሰሩ ጎን አድርጋችሁ 37 እና 38 መካከል አወዳድሩ። ሥራው ያለው እዚያው ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ የሜሞሪያችሁን ባሕርይ እወቁ

- አቲሜጋ328ፒ፦ 1,024 ባይት ኢኢፕሮም። እያንዳንዱ ባይት 100,000 ጊዜ ይጻፋል። አንድ ባይት ለመጻፍ 3.4 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል።
- ኤስቲኤም32 ኤፍ103፦ ኢኢፕሮም የለውም፤ የራሱን ፍላሽ ትጠቀማላችሁ። ሲ8 የሚባለው 64 ኪሎባይት አለው፣ ገጹ 1 ኪሎባይት ነው። ለመጻፍ መጀመሪያ ገጹ በሙሉ መጠረግ አለበት። መጥረጉ ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ዋስትናው 10,000 ጊዜ ነው።
- ኢኤስፒ32፦ ኤንቪኤስ የሚባል የተዘጋጀ ላይብረሪ አለው። እሱን ተጠቀሙ፣ የራሳችሁን አትጻፉ። የቁልፍ ስም ከ15 ፊደል እንዳይበልጥ፤ ስትጨርሱም ኮሚት ማድረግ አትርሱ። ደረጃ 1፣ 3፣ 7፣ 8 እና 9 ለእናንተም ይሠራሉ።
- ኤቲ24ሲ32፦ ከዲኤስ3231 ሰዓት ሞጁል ጋር ተያይዛ የምትመጣው ትንሿ ቺፕ። 4 ኪሎባይት፣ 1,000,000 ጊዜ። ገጿ 32 ባይት ነው።

የመጨረሻዋ ወጥመድ አላት። ከ32 ባይት ገጽ ድንበር አልፋችሁ ስትጽፉ ወደሚቀጥለው ገጽ አትሄድም። ወደዚያው ገጽ መጀመሪያ ተመልሳ የጻፋችሁትን ትደመስሳለች። ስህተት አትናገርም። ስለዚህ መዝገባችሁ (ሴቭ የሚደረገው የዳታ ጥቅል) 32 ባይት ይሁን፣ መነሻ አድራሻውም በ32 የሚካፈል ይሁን።

ኤስቲኤም32 የምትጠቀሙ ደግሞ የመጨረሻዎቹን 2 ገጾች ከሊንከር ፋይሉ (ኮዱ ሜሞሪ ላይ የት እንደሚቀመጥ ከሚወስነው) ላይ ቀንሱ፤ 64 ኪሎባይቱን 62 አድርጉት። አለበለዚያ ኮዱ ሲያድግ ሴቲንጉ ላይ ይወጣል። አንድ ቀን ሴቲንግ ሴቭ ሲደረግ ፕሮግራሙ ራሱን ይጠርጋል።

ደረጃ 3፦ ሜሞሪ የሚነካውን ኮድ ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ሰብስቡ

አሮጌውን ኮድ ስትከፍቱ የመጻፊያ ትእዛዞች ተበታትነው ታገኛላችሁ። አንዱ ሜኑ ውስጥ፣ አንዱ ኢንተራፕት (ዋናውን ሥራ አቋርጦ የሚገባ ኮድ) ውስጥ፣ አንዱ ማስጠንቀቂያ ደወሉ ጋ። ሁሉንም ፈልጋችሁ አውጡ። አዲስ ፋይል ክፈቱና ሦስት ፈንክሽን ብቻ ለውጭ ይታዩ፦ ጫን፣ አስቀምጥ፣ ወደ መነሻ መልስ። ሌላው ኮድ ራም ላይ ያለውን ኮፒ ብቻ ያንብብ።

ከኢንተራፕት ውስጥ በፍጹም አትጻፉ። ኢንተራፕቱ ባንዲራ ያንሳ፤ ዋናው ዙር ያያትና ይጽፋል።

በዚህ ደረጃ የባሕርይ ለውጥ አታስገቡ። ሰብስቡ፣ ኮምፓይል አድርጉ፣ እንደ ድሮው መሥራቱን አረጋግጡ፣ ጊት ላይ አስገቡ። መሰብሰቡንና ማሻሻሉን አብራችሁ ከሠራችሁ ሲበላሽ ከየት እንደመጣ አታውቁም።

ደረጃ 4፦ መዝገቡን ቅረጹ

መዝገቡ 32 ባይት ነው፣ እንዲህ ይከፋፈላል፦

- መለያ ቁጥር፦ 2 ባይት። ራሳችሁ የመረጣችሁት፣ 0 ወይም 65535 ያልሆነ።
- የአቀራረጽ ቨርዥን፦ 2 ባይት።
- የዳታው ርዝመት፦ 2 ባይት።
- ተራ ቁጥር፦ 2 ባይት። ሴቭ በተደረገ ቁጥር በ1 ይጨምራል።
- ዳታ፦ 22 ባይት።
- ሲአርሲ (ዳታው መበላሸቱን የሚያሳይ የፍተሻ ቁጥር)፦ 2 ባይት፣ መጨረሻ ላይ።

ሲአርሲው ከፊቱ ያሉትን 30 ባይት በሙሉ ይሸፍን፤ ዳታውን ብቻ አይደለም። ተራ ቁጥሩ ቢበላሽና ሲአርሲው ባያየው የተሳሳተውን ኮፒ ትመርጣላችሁ። የሲአርሲ ስሌቱን መነሻ 65535 አድርጉት። መነሻው 0 ከሆነ ሁሉም ባይት 0 የሆነ ሜሞሪ ሲአርሲውም 0 ስለሚሆን «ጤነኛ ነኝ» ብሎ ያልፋል።

የሲአርሲ ኮዳችሁ ትክክል መሆኑን እንዲህ ፈትሹ፦ 16 ቢቱ፣ ፖሊኖሚያሉ 4129፣ መነሻው 65535 የሆነውን ዓይነት ተጠቀሙ። ከ1 እስከ 9 ያሉትን አሃዞች እንደ ጽሑፍ አስገቡ። መልሱ 10673 መሆን አለበት። ካልሆነ ቢቱን የምታንሸራትቱበትን አቅጣጫ ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ስህተቱ እዚያ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ኮምፓይለር በስትራክት ውስጥ ባዶ ባይት ያስገባል። 1 ባይት ቁጥርና 4 ባይት ቁጥር ተከታትለው ከመጡ አቲሜጋ ላይ 5 ባይት ይሆናሉ፣ ኤስቲኤም32 ላይ ግን 8። ስለዚህ ትላልቆቹን አስቀድሙ። በተጨማሪም የስትራክቱ መጠን 32 ካልሆነ ኮምፓይል እንዳይሆን የሚያደርገውን ስታቲክ አሰርት ጻፉ። አንድ መስመር ናት። ያዳነችው ቦርድ ብዙ ነው።

ደረጃ 5፦ ሁለት ቦታ፣ አንድ የአጻጻፍ ቅደም ተከተል

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። መብራት ሲሄድ የሚያድናችሁ ይህ ደረጃ ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ካላችሁ ሴቭ ማድረግ ማለት ብቸኛውን ጤነኛ ኮፒ እያፈረሱ አዲስ መሥራት ነው። አቲሜጋ ላይ 32 ባይት ለመጻፍ 0.1 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በዚያች መካከል መብራት ቢሄድ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ቦታ ያዙ፤ ሀ እና ለ እንበላቸው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. አሁን በሥራ ላይ ያለው ጤነኛ ኮፒ የትኛው እንደሆነ ለዩ። ሀ ነው እንበል።
2. ራም ላይ አዲሱን መዝገብ ሙሉ በሙሉ አዘጋጁ። ተራ ቁጥሩን በ1 ጨምሩ። ሲአርሲውን አስሉ።
3. ከተጻፈው ጋር አወዳድሩ። ዳታው ካልተለወጠ እዚህ ላይ ቁሙ፤ አትጻፉ።
4. ቦታ ለ ላይ ከመጀመሪያው ባይት ጀምራችሁ ጻፉ። ሲአርሲው የመጨረሻ ይሁን።
5. ከለ ላይ መልሳችሁ አንብቡና ከራሙ ጋር ባይት በባይት አስተያዩ።
6. ከተመሳሰለ በሥራ ላይ ያለው ኮፒ ለ መሆኑን ራም ላይ መዝግቡ። ሀን አትንኩት። በሚቀጥለው ሴቭ ተራው የሱ ነው።

ከየትኛውም ቁጥር መካከል መብራት ቢሄድ ሀ እንዳለ አለ። የሚጠፋባችሁ የመጨረሻዋ ለውጥ ብቻ ናት።

ቁጥር 5 ላይ ካልተመሳሰለ፦ አንድ ጊዜ ድገሙ። አሁንም ካልሆነ ሀን እንዳትነኩ። ስክሪኑ ላይ «አልተቀመጠም» ብላችሁ ተናገሩ። ያለቀ ሜሞሪ ሊሆን ይችላል። «ተቀምጧል» ብሎ መዋሸት ግን ከሁሉም የከፋ ነው።

ኤስቲኤም32 ላይ ትንሽ ይለያል። አንዱ ገጽ ሀ፣ ሌላው ለ ይሁን። አንድ ገጽ ውስጥ 32 መዝገብ ይገባል። የመጀመሪያውን ለገጽ ምልክት ተዉት፤ 31 ይቀራችኋል። ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር በሚቀጥለው ባዶ ቦታ ጻፉ፤ አትጥረጉ። ገጹ ሲሞላ ሌላኛውን ገጽ ጥረጉ፣ ምልክት ጻፉበት፣ አዲሱን መዝገብ እዚያ ጀምሩ። አሮጌው ገጽ ሳይነካ ይቆያል።

የገጹ ምልክት ለምን? መብራት በመጥረግ መካከል ሲሄድ ገጹ ባዶ መስሎ ሊነበብ ይችላል፤ በደንብ ግን አልተጠረገም። የጻፋችሁበት ከቀናት በኋላ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ምልክት የሌለው ገጽ «ባዶ ነው» ተብሎ አይታመንም፤ እንደገና ይጠረጋል።

ግማሽ የተጻፈ መዝገብ ካገኛችሁ ዝለሉት። በላዩ ላይ አትጻፉ፤ ይህ ቺፕ ያልተጠረገ ቦታ ላይ ከ0 ሌላ ቁጥር ልጻፍ ብትሉት እምቢ ይላል፣ የስህተት ቢትም ያነሳል።

ዋችዶግ (ኮዱ ሲቆም ቺፑን ሪሴት የሚያደርግ ቆጣሪ) ካላችሁ ደግሞ ከመጥረጉ በፊት መግቡት። ኤፍ103 ላይ 40 ሚሊሰከንድ ችግር አይሆንም። ኤፍ4 በሚባለው ኤስቲኤም32 ላይ ግን 128 ኪሎባይቱን ሴክተር መጥረግ እስከ 2 ሰከንድ ሊወስድ ይችላል። ዋችዶጉ 1 ሰከንድ ከሆነ ቺፑ በጠረገ ቁጥር ሪሴት ሊሆን ይችላል። ኤፍ4 ላይ ከ16 ኪሎባይቶቹ ሴክተሮች ሁለቱን ምረጡ።

ደረጃ 6፦ ሲነሳ የሚጭንበትን መንገድ ጻፉ

ያነበባችሁትን አትመኑ። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ራም ላይ ሁሉንም ፓራሜትር በመነሻ ዋጋው ሙሉ።
2. ሀን እና ለን አንብቡ። መለያ ቁጥር፣ ርዝመት፣ ሲአርሲ ፈትሹ። ርዝመቱ ከ22 በላይ ከሆነ ሲአርሲ ሳታስሉ ጣሉት።
3. ሁለቱም ጤነኛ ከሆኑ በተራ ቁጥር አዲሱን ምረጡ። አንዱ ብቻ ጤነኛ ከሆነ እሱን።
4. የተመረጠውን ዳታ በርዝመቱ ልክ ራም ላይ ባለው መነሻ ዋጋ ላይ አልብሱ።
5. እያንዳንዱን ፓራሜትር ከትንሹና ከትልቁ ጋር አመሳክሩ። ከወጣ እሱን ብቻ ወደ መነሻው መልሱ።

ተራ ቁጥሩ 65535 ደርሶ ወደ 0 ይመለሳል። «ትልቁ አዲሱ ነው» ብላችሁ ካወዳደራችሁ ያን ቀን አሮጌውን ትመርጣላችሁ። አንዱን ከሌላው ቀንሱና ውጤቱን ምልክት ወዳለው 16 ቢት ቀይሩት፤ ከ0 በላይ ከሆነ የመጀመሪያው አዲስ ነው። መቀየሯን አትርሱ። ኤስቲኤም32 ላይ ቅነሳው በ32 ቢት ስለሚሠራ ካልቀየራችሁት መልሱ ይሳሳታል። አቲሜጋ ላይ ችግሩ ላይታይ ይችላል። ለዚህ ነው ኮዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር የሚሰበረው።

ሁለቱም ቦታ ከተበላሸ፦ መሣሪያው ምን ያድርግ የሚለውን እናንተ ወስኑ፤ ለአጋጣሚ አትተዉት። ለመፈልፈያ በ37.5 ሥራውን ቀጥሎ ደወል ቢያሰማ ይሻላል፤ ማሞቂያውን ማጥፋት እንቁላሉን ይገድላል። ለመስኖ ፓምፕ ግን ተቃራኒው ነው። ቆጋ አካባቢ ማሳ ላይ ያለ ፓምፕ ሰዓቱንና ልኩን ካላወቀ ቆሞ ባለቤቱን ይጠብቅ። የሴንሰሩ ማስተካከያ ከጠፋ ደግሞ ዝም ብላችሁ 0 አትጠቀሙ። ስክሪኑ ላይ ይታይ።

ደረጃ 7፦ መቼ እንደሚጻፍ ወስኑ

ሂሳቡን ሥሩ። በየደቂቃው መጻፍ በቀን 1,440 ጊዜ ነው። 100,000 የሚችል ኢኢፕሮም በ70 ቀን ገደማ ያልቃል። 10,000 የሚችል ፍላሽ ላይ በየጊዜው እየጠረጋችሁ ከጻፋችሁ ሳምንት አይሞላም። «ቺፑ ቻይና ስለሆነ ነው» የሚባለው ብልሽት ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

- ቁልፍ ሲጫን፦ ወዲያው አትጻፉ። ተጠቃሚው ከ37.0 ወደ 37.5 ለመድረስ 5 ጊዜ ይጫናል። ከመጨረሻው ጭነት በኋላ 5 ሰከንድ ጠብቁና አንዴ ጻፉ።
- የቀን ቆጠራ፦ ሰዓት ሞጁል ካላችሁ ቆጠራውን ጭራሽ አታስቀምጡ። እንቁላሉ የገባበትን ቀን አንዴ አስቀምጡና ዛሬን ከዚያ ቀንሱ። መብራት ለአንድ ቀን ቢጠፋ እንኳ ቆጠራው አይዛነፍም። ዲኤስ3231 ላይ «ሰዓቱ ቆሞ ነበር» የሚል ቢት አለ፤ ሲነሳ ፈትሹት። ከተነሳ ባትሪው አልቋል ማለት ስለሆነ ቀኑን ከተጠቃሚው ጠይቁ።
- ሰዓት ሞጁል ከሌለ፦ በየሰዓቱ አንዴ ጻፉ። 21 ቀን ማለት 504 ጊዜ ነው። አንዷ ቦታ እንኳ ብቻዋን ብትሸከመው ወደ 198 ዙር ትችላለች፤ ሁለት ስለሆኑ ደግሞ እጥፍ ይሆናል።

አንድ የማልስማማበት ልማድ አለ፤ «ስንት ጊዜ ተነሳ» የሚለውን ቁጥር ልክ ሲነሳ መጻፍ። እኛ ጋ መብራት ሲመጣ ብልጭ ብሎ ተመልሶ ይሄዳል፣ እንደገና ይመጣል። ልክ በዚያች ቅጽበት መጻፍ ማለት የከፋውን ሰዓት መምረጥ ነው። ከተነሳ በኋላ 10 ሰከንድ እስኪያልፍ ምንም አትጻፉ።

ደረጃ 8፦ ቮልቴጁን ጠብቁ

መሣሪያው ከወፍጮ ቤት ጋር አንድ መስመር ላይ ከሆነ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር መብራቱ ሲደክም ታያላችሁ። ቺፑም አብሮ ይደክማል። ቮልቴጁ ሲወርድ ቺፑ ይሳሳታል፤ ያላዘዛችሁትን ሊጽፍ ይችላል።

1. አቲሜጋ328ፒ ላይ ብራውንአውት ሪሴትን (ቮልቴጁ ሲወርድ ቺፑን የሚያቆመውን) አብሩ። በ5 ቮልትና በ16 ሜጋኸርትዝ ለሚሠራ ቦርድ 4.3 ቮልቱን ምረጡ። አርዱይኖ ኡኖ የሚመጣበት 2.7 ለዚህ ፍጥነት ዝቅተኛ ነው።
2. ኤስቲኤም32 ላይ የቮልቴጅ መመርመሪያውን 2.9 ላይ አድርጉ። ከመጻፋችሁ በፊት እዩት፤ ዝቅ ካለ አትጻፉ።
3. ካፓሲተሩን ከሬጉሌተሩ በፊት፣ 12 ቮልቱ በኩል አድርጉት። ቦርዱ 20 ሚሊአምፔር ቢወስድና ለ0.1 ሰከንድ መቆየት ቢያስፈልግ ከ12 ወደ 7 ቮልት እስኪወርድ 400 ማይክሮፋራድ ይበቃል። 1,000 አድርጉት። ከሬጉሌተሩ በኋላ ብታደርጉት ከ5 ወደ 4.3 ብቻ መውረድ ስለሚችል ወደ 3,000 ይፈልጋል።
4. ከካፓሲተሩ በፊት ዳዮድ አስገቡ። የሪሌዩ ጥቅል ከዳዮዱ በፊት ይገናኝ። አለበለዚያ ያጠራቀማችሁትን ሪሌዩ ይጠጣዋል።

4.3 ካደረጋችሁ በኋላ ቦርዱ ራሱን ደጋግሞ ሪሴት ካደረገ፦ ፊውዙን አትመልሱት። በቀጭን ዩኤስቢ ገመድ እየሠራችሁ ሊሆን ይችላል። ቮልቴጁን ቦርዱ ላይ ለኩ።

ደረጃ 9፦ መብራት እየቆረጣችሁ ፈትኑ

መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ። የማስቀመጫውን ፋይል ብቻውን ኮምፓይል አድርጉ። ሜሞሪውን በባይት ድርድር ተኩት። ከዚያ ከ0 እስከ 32 እየቆጠራችሁ፣ ያን ያህል ባይት ከተጻፈ በኋላ መጻፉን አቋርጡና «ጫን» የሚለውን ጥሩ። መልሱ ወይ ሙሉው አሮጌ ወይ ሙሉው አዲስ መሆን አለበት። ድብልቅ ከመጣ ደረጃ 5 ላይ ስህተት አለ። 33 ሙከራ በዓይን ቅጽበት ያልቃል።

ቀጥሎ ቦርዱ ላይ። ሁለተኛው ቦርድ ሪሌዩን ይዘዝ። የሙከራው ቦርድ ያለማቋረጥ ሴቭ ያድርግ፤ ሪሌዩ በዘፈቀደ ሰዓት ይቁረጠው። በተነሳ ቁጥር ያነበበውን በሲሪያል ይላክ። ሲሪያሉን ኮምፒውተር ላይ መዝግቡና ሌሊቱን ሙሉ ተዉት። የዚህን ሙከራ ቦርድ ለደንበኛ አትስጡ፤ ዕድሜው ተበልቷል።

ያገኛችሁትን እንዲህ አንብቡ፦

- 6553.5 ወይም -0.1፦ ባዶ ሜሞሪ እያነበባችሁ ነው። ሁለቱም 255 የሆኑ ሁለት ባይቶች ናቸው፤ አንዱ ምልክት ከሌለው፣ ሌላው ምልክት ካለው ቁጥር። የመለያና የሲአርሲ ፍተሻው ታልፏል።
- ሁሌም ከመጨረሻው በፊት ያለው ዋጋ ከመጣ፦ አዲሱ እየተጻፈ አይደለም፣ ወይም የተራ ቁጥር ማወዳደሪያው ተገልብጧል።
- አንድ ፓራሜትር ብቻ ከተበላሸ፦ ሲአርሲው ጤነኛ ሆኖ ዋጋው ከተሳሳተ የተበላሸው ራም ላይ ሳለ ነው። ከድርድር ውጭ የሚጽፍ ኮድ ፈልጉ።
- ከአዲስ ቨርዥን በኋላ ሁሉም ከተዘበራረቀ፦ ወደሚቀጥለው ደረጃ ሂዱ።

ደረጃ 10፦ የቨርዥን ለውጥን አስተዳድሩ

መስክ ላይ ያለ ቦርድ አሮጌ መዝገብ ይዟል። አዲሱ ኮድ ያን ማንበብ አለበት። ሕጎቹ ጥብቅ ናቸው፦

- አዲስ ፓራሜትር መጨረሻ ላይ ብቻ ጨምሩ። መካከል ላይ አታስገቡ።
- ቦታ አትቀያይሩ። የማያስፈልገውን አትሰርዙ፤ ስሙን «ተትቷል» በሉና ቦታውን ጠብቁለት።
- መለኪያ አትቀይሩ። ማዞሪያው በደቂቃ ከነበረና በሰዓት ካደረጋችሁት፣ 120 ደቂቃ የነበረው 120 ሰዓት ይሆናል። 5 ቀን ሙሉ እንቁላል አይዞርም። አዲስ ቦታ ክፈቱና ከአሮጌው አስልታችሁ ሙሉት።

መጨረሻ ላይ ብቻ ከጨመራችሁ ደረጃ 6 ላይ ያለው «መነሻውን ሙላ፣ ከዚያ አልብስ» ቀሪውን ይሠራላችኋል። አሮጌው መዝገብ 14 ባይት ዳታ ካለው 14ቱ ይለብሳል፤ አዲሶቹ በመነሻቸው ይቆያሉ።

ከዚያ ያለፈ ለውጥ ካለ ከቨርዥን ወደ ቨርዥን የሚያሻግር ፈንክሽን ጻፉ፦ ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 3። ከ1 ወደ 3 በቀጥታ የሚዘል አትጻፉ። 1 የያዘ ቦርድ ሁለቱን በተራ ይለፍ። ካሻገራችሁ በኋላ ወዲያው አትጻፉ። ራም ላይ ይቆይ፤ 10 ሰከንዱ ሲያልፍ በተለመደው መንገድ ይቀመጥ። አሮጌው ኮፒ ሌላኛው ቦታ ላይ ስላለ ወደ ቀድሞው ፈርምዌር መመለስ ትችላላችሁ።

ስትመለሱ ግን ተጠንቀቁ። አሮጌው ፈርምዌር ሴቭ ካደረገ የማያውቃቸውን አዲስ ፓራሜትሮች ይጥላል።

ደረጃ 11፦ ወደ መስክ ውሰዱት

1. ዝግጅቱ ላይ ያወጣችሁትን የአሮጌ ቦርድ ሜሞሪ የሙከራው ቦርድ ላይ ጫኑ። አዲሱን ፈርምዌር ከዚያ ላይ አስነሱት። እያንዳንዱን ዋጋ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ።
2. መጀመሪያ አንድ ደንበኛ ዘንድ ብቻ ጫኑ። እንቁላል ከመግባቱ በፊት፣ መፈልፈያው ባዶ ሳለ።
3. ከመጫናችሁ በፊት የሱን ሜሞሪ አንብባችሁ በቦርዱ ቁጥር ስም አስቀምጡ።
4. ከጫናችሁ በኋላ ሶኬቱን ራሳችሁ ነቅላችሁ ሰኩት። ከዚያ 10 ሰከንዱን አሳልፋችሁ ሙቀቱን በአንድ ነጥብ ቀይሩ፣ 6 ሰከንድ ቆዩ፣ እንደገና ንቀሉ። አዲሱ ዋጋ መመለስ አለበት። አሁን ደግሞ ቀይሩና ወዲያው ንቀሉ። አሮጌው መመለስ አለበት። ባለቤቱ ይህን እያየ ይሁን፤ ከቀየረ በኋላ 5 ሰከንድ መጠበቅ እንዳለበት በቃል ከመንገር በዓይኑ ቢያይ ይሻለዋል።
5. 21 ቀኑ ሞልቶ አንድ ዙር እስኪፈለፈል ሌሎቹ ቦርዶች ላይ አትጫኑ።
6. ተበላሽቶ የሚመለስ ቦርድ ካለ ከምንም በፊት ሜሞሪውን አንብቡ። «ወደ መነሻ መልስ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ የብልሽቱን ምልክት የያዘው እሱ ነው። የሁለቱን ቦታዎች ተራ ቁጥር እዩ። ቁጥሩ ደንበኛው ሴቲንግ ከነካበት በብዙ ሺህ ከበለጠ ሳታውቁት የሚጽፍ ኮድ አለ፤ ደረጃ 3 ላይ ያመለጣችሁ ነው።